የሰፈር ባትሪ መቀየሪያ በጅማ፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ጥር 2017። መነሻው

የምንሠራው ይህን ነው። ሰፈር ውስጥ አንድ ክፍል፣ ጣሪያው ላይ ሶላር፣ ውስጡ ሞልተው የሚጠብቁ ባትሪዎች። የኤሌክትሪክ ባጃጅ ይመጣል፤ ያለቀውን አውርዶ የሞላውን ጭኖ ይሄዳል። ቻርጅ እስኪሞላ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው አይኖርም።

የምንጀምረው ሂርማታ ገበያ አካባቢ በሚሠሩ አራት ባጃጆች ነው። ሲገዙ አብሯቸው የመጣው ባትሪ ሊድ አሲድ ነው፤ አምስት ባለ 12 ቮልት ባትሪ በተከታታይ ታስሮ 60 ቮልት ይሰጣል። ሹፌሮቹ ጠዋት 12 ሰዓት ይወጣሉ። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ባትሪው ይደክማል። ከዚያ ዘመድ ቤት ሰክተው ቁጭ ነው። በዚያ ሰዓት መብራት ከሌለ ቀኑ አለቀ ማለት ነው። የባጃጁ ባለቤት ግን የቀን ገቢውን ይጠብቃል።

ጅማ ላይ ሆኖ ይህን መናገር ይከነክናል። 184 ሜጋ ዋቱ ግልገል ጊቤ አንድ በአዲስ አበባ መንገድ፣ እዚሁ ደጃችን ነው ያለው። ጊቤ ሁለት 420 ሜጋ ዋት ነው፣ ጊቤ ሦስት 1,870። ስለዚህ ችግሩ የኃይል እጥረት ነው ብዬ አላምንም። ችግሩ የሰፈሩ መስመርና ሰዓቱ ነው። መብራት የሚኖርበት ሰዓትና ሹፌሩ የሚፈልግበት ሰዓት አይገናኙም። ሌሊት መስመሩ ጥሩ ነው፣ ባጃጁ ግን ቆሟል። ቀን ባጃጁ ይሠራል፣ መስመሩ ይደክማል። ባትሪ መቀየር እነዚህን ሁለት ሰዓቶች ያለያያቸዋል። ፍጥነቱን ሁሉም ያደንቃል፤ ለእኔ ግን ቁም ነገሩ ይሄኛው ነው።

«መኪናስ?» ብሎ የሚጠይቀን ብዙ ነው። በ2016 የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና እዚህም መታየት ጀምሯል። የመኪና ባትሪ ግን ወለሉ ሥር የታሰረ፣ በመቶዎች ኪሎ የሚመዝን፣ ቮልቴጁም ብዙ ጊዜ 400 አካባቢ የሆነ ነገር ነው። በእጅ አይወርድም። ቻይና ላይ ኒዮ የተባለው የመኪና ኩባንያ በማሽን ይቀይራል፤ መኪናውንም ጣቢያውንም የሚሠራው ራሱ ስለሆነ ይሆንለታል። ቤተር ፕሌስ የተባለው ኩባንያ ደግሞ በ2007 እ.ኤ.አ. ተቋቁሞ እስራኤልና ዴንማርክ ላይ ጣቢያዎች ከተከለ በኋላ በ2013 ከሰረ። ጣቢያው ተሠርቶ አለቀ፣ የሚቀይር መኪና ግን በበቂ ቁጥር አልመጣም። ኪጋሊ ላይ አምፐርሳንድ የተባለ ኩባንያ የሞተር ሳይክል ባትሪ በእጅ እያስቀየረ ይሠራል። ከእነዚህ የወሰድነው ሁለት ነገር ነው። ባትሪው ሰው የሚያነሳው ይሁን። ተሽከርካሪው ደግሞ አስቀድሞ መንገድ ላይ ያለ ይሁን።

የካቲት። ክፍሉና መስመሩ

የተከራየነው ድሮ የቡና ማከማቻ የነበረ ክፍል ነው። ከአወይቱ ወንዝ ብዙም አይርቅም፣ ግን ከፍ ያለ ቦታ ላይ ነው፤ ጎርፍ አያገኘውም። ወለሉ ሲሚንቶ ነው። ከላይ በሁለቱም በኩል የአየር መውጫ አለው። ቡናው እንዳይሻግት የተሠራው መስኮት ለባትሪም ተስማማ።

የግቢው ባለቤት እማማ መጀመሪያ የጠየቁኝ፣ «ልጄ፣ ይሄ ነገር ይፈነዳል ወይ?» ብለው ነው። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። እንደሚሆነው ነገርኳቸው። የምንጠቀመው ሊቲየም አይረን ፎስፌት ነው፤ ከሌሎቹ የሊቲየም ዓይነቶች ይልቅ ሙቀት ይችላል፣ ቶሎ አይቀጣጠልም። ግን ሁለቱ ጫፎች በብረት ከተገናኙ እሳት ይወጣል። ስለዚህ እያንዳንዱ ባትሪ ፊውዝ ይኖረዋል፣ ጫፎቹ ይሸፈናሉ፣ በር ላይ አሸዋ ይቀመጣል። «እንግዲያው ማታ እዚያ ውስጥ ማንም አይተኛም» አሉ። ውሉ ላይ አስገባነው።

ቀጥሎ መስመሩን ለካን። ኤሌክትሪሻኑ ጓደኛዬ የቮልቴጅ መቆጣጠሪያ ሰክቶ እየመዘገበ ሰነበተ። ቀን ላይ ከ205 እስከ 215 ቮልት ይሄዳል። ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ግን እስከ 180 ይወርዳል። ምክንያቱን ማንም ያውቀዋል፤ ምጣድ ነው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይስባል፤ በአንድ ትራንስፎርመር ሥር ደግሞ ባንድ ጊዜ ብዙ ቤት ይጋግራል። ከምሽቱ 5 ሰዓት በኋላ መስመሩ 225 ላይ ይቆማል።

ውሳኔው እዚህ ላይ ተቆረጠ። ዋናው ቻርጅ በሌሊት፣ ከመስመር። ሶላሩ ለቀን መደጎሚያና መብራት ለሚጠፋበት ቀን። ጎረቤት እራቱን በሚሠራበት ሰዓት ከመስመሩ ምንም አንስብም። ይሄ ደንብ ነው፣ አይሻርም። ሰፈሩን እያደበዘዘ የሚሠራ የሰፈር ሥራ አልፈልግም።

መጋቢት። ባትሪው

ክብደቱ ሁሉን ነገር ይወስናል። ድሮ ባጃጁ ላይ የነበሩት አምስቱ ሊድ አሲዶች ተደምረው ወደ 150 ኪሎ ይደርሳሉ። የእኛ 20 ሴል (ባትሪው የሚሠራባቸው ትናንሽ ክፍሎች) በተከታታይ ነው። አንዱ ሴል 3.2 ቮልት፣ ድምሩ 64 ቮልት። 50 አምፔር አወር ስለሆነ 3.2 ኪሎ ዋት አወር ይይዛል። ከነሳጥኑ 34 ኪሎ ሆነ። አንድ ሰው ያነሳዋል፤ ሁለት ሰው ሳይቸገር ያነሳዋል። ባለ 100 አምፔር ሴል ብንወስድ ርቀቱ እጥፍ ይሆን ነበር፣ ግን ሲሰባበር የሚውለው የሹፌሩ ወገብ ነው።

20 ሴል የሆነበት ሌላም ምክንያት አለ። 60 ቮልት ሊድ አሲድ ሲሞላ 73 ቮልት አካባቢ ይደርሳል። 20 የአይረን ፎስፌት ሴል በ3.65 ሲባዛ 73 ነው። ስለዚህ የባጃጁን ኮንትሮለር (ሞተሩን የሚያዘውን ሳጥን) ሳንነካ ባትሪውን ብቻ መቀየር ተቻለ።

ሴሎቹ ከቻይና በሻጭ በኩል መጡ። «አዲስ፣ አንደኛ ደረጃ» ተብለው ነው የተገዙት። ሁሉንም አንድ በአንድ ሞልተን አራግፈን ለካን። ሥራው አሰልቺ ነው፤ አንዱ ሴል ብቻውን ግማሽ ቀን ይወስዳል። ግን ካልተለካ ዋጋ የለውም። አብዛኞቹ ከ50 በላይ ሰጡ። ጥቂቶቹ 46 አካባቢ ቆሙ። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ላይ ያለው ኮድ ተፍቆ ሌላ ኮድ ተመትቶበታል፤ ወደ ብርሃን ዘወር ሲደረግ የቀድሞው ጭረት ይታያል። በተከታታይ በታሰረ ባትሪ ውስጥ የሁሉንም ልክ የሚወስነው ደካማው ሴል ነው። 19ኙ ሴል 50 ቢይዝ አንዱ 46 ከያዘ ባትሪው 46 ነው። ሻጩ ጥቂቶቹን ቀየረ፣ የቀሩትን አልቀበልም አለ። የቀሩትን ደካሞች ለብቻ ሰብስበን ለክፍሉ መብራትና ለቆጣሪ ስክሪኑ የሚሆን ትንሽ ባትሪ ሠራንባቸው።

ከማሰራችን በፊት ሁሉንም ሴል ጎን ለጎን አገናኝተን እኩል 3.65 ላይ አደረስናቸው። ይህ ካልተደረገ ቢኤምኤሱ (እያንዳንዱን ሴል የሚጠብቀው ሰሌዳ) ባትሪው ሳይሞላ ቻርጁን ይቆርጣል፤ አንዱ ሴል ቀድሞ ስለሚደርስ።

ሳጥኑን የሠራልን ብየዳ ቤት ያለው ልጅ ነው። ውጩ ላሜራ፣ ጠርዙ አንግል ብረት፣ ሁለት እጀታ። ውስጡ በሴሎቹ መሐል ቀጭን የፋይበር ሉህ አለ፤ ሰውነታቸው በመንገድ ንዝረት ተፋግቶ ሽፋኑ እንዳይላጥ። የሴል ማያያዣ ዳዶዎቹን በመጠን መለኪያ ክያቤ ነው ያጠበቅናቸው። በእጅ ግምት ከጠበቀ ወይ አሉሚኒየሙ ጥርስ ይበላል፣ ወይ ላላ ብሎ ይግላል።

የአንዱ ባትሪ ወጪ፦ ሴል ወደ 120 ሺህ ብር፣ ቢኤምኤስ 9 ሺህ፣ ሳጥን፣ ኬብል፣ ፊውዝና ሶኬት ተደምሮ 6 ሺህ። ድምር 135 ሺህ ብር። ለመጀመሪያ ዙር ስድስት ሠራን፤ አራቱ ባጃጅ ላይ፣ ሁለቱ መደርደሪያ ላይ።

ሚያዝያ። ሶላሩ

ስድስት ባለ 550 ዋት ፓነል ገዛን። እዚህ ደረጃ ላይ ጊዜ የፈጀው ኮንትሮለር መምረጥ ነው፤ ተመሳሳይ ነገር ለሚሠራ ሰው ስለሚጠቅም ዘርዘር አደርገዋለሁ።

ገበያ ላይ የሚገኘው ርካሹ የሶላር ኮንትሮለር ግቤቱ እስከ 150 ቮልት የሚችል ነው። አንዱ ፓነል ጭነት ሳይኖርበት 50 ቮልት ገደማ ይሰጣል። ሦስቱን በተከታታይ ብናስር 150 ልክ ላይ ነን። ጅማ ጠዋት ይበርዳል፤ ፓነል ደግሞ ሲበርድ ቮልቴጁ ከፍ ይላል። አንድ ቀዝቃዛ ጠዋት ፀሐይ ድንገት ስትወጣ ኮንትሮለሩን ታቃጥለዋለች። ሁለቱን ብቻ ብናስርስ? በሥራ ላይ 83 ቮልት አካባቢ ይሰጣሉ። እኩለ ቀን ላይ ጣሪያው ሲግል ወደ 75 ይወርዳል። የእኛ ባትሪ ሊሞላ ሲል 70 ነው። ኮንትሮለሩ የሚሠራበት ትርፍ አይኖረውም፤ ፀሐይ በጠነከረችበት ሰዓት ላይ ይደክማል።

መጀመሪያ ይህን ለመሸሽ ኢንቨርተር ሞከርን። ሶላሩ 48 ቮልት ባትሪ ይሞላል፣ ኢንቨርተሩ 220 ያወጣል፣ በዚያ ላይ ተራውን ቻርጀር እንሰካለን። ሠራ። ግን ኃይሉ ሁለት ጊዜ እየተቀየረ ነው። ከፓነሉ የወጣውንና ባትሪው ውስጥ የገባውን ስናስተያይ ከአምስት አንድ እጁ መንገድ ላይ ይቀራል። ክፍሉም ይሞቃል። ኢንቨርተሩን መልሰን ሸጥነው።

በመጨረሻ ግቤቱ 250 ቮልት፣ የሚያወጣውን ቮልቴጅ በቁጥር መወሰን የሚቻል ባለ 60 አምፔር ኮንትሮለር አዲስ አበባ ተገኘ። 38 ሺህ ብር። ሦስት ሦስት ፓነል በተከታታይ፣ ሁለት ረድፍ። ከኮንትሮለሩ በቀጥታ ወደ ባጃጁ ባትሪ። የመሙያ ልኩን 73 ሳይሆን 70 ላይ አደረግነው። በሴል 3.5 ማለት ነው። የሚቀረው አቅም ትንሽ ነው፤ የሴሉ ዕድሜ ግን ይረዝማል።

ወደ ከተማው መስመር የምንልከው ነገር የለም። ሶላሩና መስመሩ በሽቦ አይገናኙም። መብራት ጠፍቶ ምሰሶ ላይ የወጣ ሠራተኛ ከእኛ ጣሪያ በመጣ ኃይል እንዳይያዝ ይህ መለያየት የግድ ነው።

ጥሩ ፀሐይ ባለበት ቀን ከ12 ኪሎ ዋት አወር በላይ ይገባል። አራት ባትሪ ገደማ ነው። አቧራው ግን ቶሎ ይይዛል። አጠገባችን ቡና መፈልፈያ አለ፤ የሚበነው ገለፈት ፓነሉ ላይ ያርፍና ጤዛ ሲያገኘው ይለጠፋል። በደረቁ መጥረግ መስታወቱን ይጭረዋል። ጠዋት ሳይሞቅ በውሃ ማጠብ ነው።

ግንቦት። ቅያሬ ተጀመረ

ባጃጁ ወንበር ሥር ሐዲድ አስገባን፤ ባትሪው እንደ መሳቢያ ይወጣል። ቅያሬው ከሦስት ደቂቃ አይበልጥም። ሹፌሮቹ ወዲያው ያስተዋሉት ርቀቱን አይደለም፣ ቅለቱን ነው። ከ100 ኪሎ በላይ ከጀርባቸው ወርዷል። ባጃጁ ከቆመበት ሲነሳ ይታወቃል።

አንድ ባትሪ ተሳፋሪ ይዞ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ያስኬዳል። በቀን ሁለት፣ አንዳንዴ ሦስት ቅያሬ።

ችግሮቹ ተከታትለው መጡ።

አንደኛው ሶኬቱ ነው። የምንጠቀመው አንደርሰን የሚባለውን ግራጫ ሶኬት ነው። ባትሪው ሲሰካ «ጧ» ብሎ ሰማያዊ ብልጭታ ይወጣል። የባጃጁ ኮንትሮለር ውስጥ ያሉት ካፓሲተሮች (ኃይል ለጊዜው የሚይዙት) ባዶ ናቸው፤ ሲሰካ በቅጽበት ይጠጣሉ። ብልጭታው በእያንዳንዱ ቅያሬ ከመዳቡ ላይ ትንሽ ትንሽ ይበላል። የቤት ባጃጅ ቢሆን በዓመት ጥቂት ጊዜ ነው የሚነቀለው። የእኛ በቀን ብዙ ጊዜ ነው። ሳምንታት ሳይቆይ አንዱ ሹፌር «ሶኬቱ ይግላል፣ እጅ አያስይዝም» ብሎ መጣ። ፈታነው። የመዳቡ ፊት ጠቁሮ ጎድጉዷል፣ ፕላስቲኩ ጠርዙ ላይ መቅለጥ ጀምሯል። በ40 አምፔር ላይ ሶኬቱ ብቻውን 0.3 ቮልት ይበላል። 12 ዋት ሙቀት ነው፣ አውራ ጣት በምታክል ቦታ ላይ። አዲሱ ሶኬት በተመሳሳይ ጭነት 0.02 ቮልት ብቻ ነው የሚበላው።

መፍትሔው ርካሽ ሆነ። ከሶኬቱና ከኮንትሮለሩ መሐል ብሬከር ገባ። ብሬከሩን የሚያልፍ ባለ 100 ኦም ሬዚስተርና የሚጫን ቁልፍ ጨመርን። አሁን ሹፌሩ ብሬከሩን አጥፍቶ ይሰካል፤ ምንም ብልጭታ የለም። ቁልፉን ሁለት ሰከንድ ይጫናል፤ ካፓሲተሮቹ በሬዚስተሩ በኩል በዝግታ ይሞላሉ። ከዚያ ብሬከሩን ያነሳል። ቅደም ተከተሉን በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ጽፈን ሳጥኑ ላይ ለጠፍን። ወጪው ለአንድ ባጃጅ ከአንድ ሺህ ብር አይበልጥም።

ሁለተኛው የባጃጁ ጌጅ ነው። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የባትሪ ምልክት ለሊድ አሲድ የተሠራ ነው፤ ቮልቴጅ አይቶ ይገምታል። ሊድ አሲድ ሲያልቅ ቮልቴጁ ደረጃ በደረጃ ይወርዳል። አይረን ፎስፌት ግን ከ80 በመቶ እስከ 30 በመቶ ድረስ 3.3 ቮልት አካባቢ ላይ ተኝቶ ይቆይና መጨረሻ ላይ በአንዴ ይወድቃል። ሹፌሩ ሦስት መስመር እያየ በድንገት ይቆማል። በሻንት፣ ማለትም የወጣውንና የገባውን አምፔር በሚቆጥር መለኪያ ተካነው። አሁን የሚያዩት በመቶኛ ነው፣ ትክክልም ነው።

ሦስተኛው ጅሬን ዳገት ላይ ታየ። ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚወጣው መንገድ ነው። ባጃጁ ሦስት ሰው ይዞ ሲወጣ 55፣ 60 አምፔር ይስባል። አንዱ ባጃጅ መሐል ዳገት ላይ ቀጥ አለ። መለኪያው 40 በመቶ ይላል። ተሳፋሪ ወርዶ በእግሩ ሄደ፣ ሹፌሩም ገንዘብ አልተቀበላቸውም። ሌላ ቀን ያው ባትሪ በሌላ ባጃጅ ላይ፣ ያው ቦታ አጠፋ። የቢኤምኤሱን መዝገብ ስናወጣ ባትሪ ቁጥር 3 ውስጥ 13ኛው ሴል ብቻውን ጭነት ሲበዛበት ከ2.8 ቮልት በታች ይወርዳል፤ ሌሎቹ 3.1 ላይ ናቸው። አቅሙ ሲለካ ጤነኛ ነበር። ችግሩ የውስጥ ሬዚስታንሱ ነው፤ ቀስ ብለህ ስትስበው ይሰጥሃል፣ ስታጣድፈው ይወድቃል። ስለዚህ ማንኛውም አዲስ ሴል ከአቅሙ ሌላ በ50 አምፔር ጭነትም ይፈተናል ብለን ወሰንን። እያንዳንዱ የተሠራ ባትሪም ለሥራ ከመውጣቱ በፊት ጅሬንን ሙሉ ጭነት ይዞ ይወጣል። ከየትኛውም መሣሪያ በላይ የታመነ ፈተና ሆኖልናል።

ሰኔ እና ሐምሌ። ክረምት

የጅማ ዝናብ የታወቀ ነው። ሶላሩ ወደ ግማሽ ወረደ፣ አንዳንድ ቀን ከዚያም በታች። ደመናው ሲከብድ ቀኑን ሙሉ የገባው ኃይል አንድ ባትሪ በወጉ አይሞላም።

መጀመሪያ ፓነሎቹን ሦስቱን ወደ ምሥራቅ፣ ሦስቱን ወደ ምዕራብ ነበር ያደረግናቸው፤ ጣሪያው ሁለት ክንፍ ስላለው። በጋ ላይ ጥሩ ነበር፣ ቀኑን ሙሉ እኩል ይሰጣል። ክረምት ላይ ግን ጠዋት ገለጥ ይላል፣ ከሰዓት ይዘንባል። የምዕራቡ ክንፍ ፀሐይ ሊያይ ሲል ዝናቡ ይደርሳል። ሁሉንም ወደ ምሥራቁ ክንፍ አዛወርናቸው። ጅማ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 8 ዲግሪ እንኳ አትሞላም፤ በእነዚህ ወራት የቀትር ፀሐይ እንዲያውም በሰሜን በኩል ነው የምታልፈው። ስለዚህ «ወደ ደቡብ አዙሩ» የሚለው ከውጭ የመጣ ምክር እዚህ ብዙ ትርጉም የለውም። ዝቅተኛ ተዳፋት፣ ዝናቡ የሚያጥበው፣ ጠዋትን የሚያይ። ይበቃል።

መብራቱ ደግሞ ክረምት ላይ ይባስ ይሄዳል። ነፋስ ዛፍ ይጥላል፣ መስመር ይበጠሳል። አንድ ሌሊት መብራት ሄዶ ሲመለስ ሁለት ቻርጀር ተቃጠለ። ሲመለስ ቮልቴጁ ዘሎ ነው የሚመጣው። አሁን ለፍሪጅ የሚሸጠውን፣ መብራት ሲመጣ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ የሚያስገባውን መከላከያ በየቻርጀሩ ፊት አድርገናል። አራቱም ባንዴ እንዳይነሱ ሰዓታቸው ይለያያል። አራቱ ቻርጀሮች አብረው ሲሠሩ የሚስቡት አንድ ምጣድ የሚስበውን ያህል ነው፤ ሌሊት ላይ መስመሩ አይሰማውም።

ውሃ የገባበት ባትሪ የለም። ጭቃ ግን ሶኬት ውስጥ ይገባል። ከጥቅም ውጭ የሆነ የጎማ ካላማዳሪ ቆርጠን ክዳን ሠራንላቸው።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ ለሁለት ቀን ተኩል መብራት ጠፋ፣ ሰማዩም ዳመና ነበር። በሦስተኛው ቀን መደርደሪያው ባዶ ሆነ። አራቱም ባጃጅ ቆሙ። ጄኔሬተር እንግዛ የሚል ሐሳብ መጣ። አልተቀበልኩትም። በቤንዚን የሚሞላ ባትሪ ለመሸጥ አይደለም የተነሳነው፤ ሒሳቡም አይወጣም። የሚያስፈልገው ተጨማሪ ባትሪ ነው። መብራት ባለበት ሌሊት ሞልቶ የሚቀመጥ። ስድስት ለአራት አይበቃም፣ ስምንት ያስፈልጋል።

ነሐሴ። ሒሳቡ

ሹፌሮቹን ያሳሰበው ጥያቄ ይሄ ነበር። «ወንድሜ፣ ጥሩውን ሰጥቼ የደከመውን ብቀበልስ?» ከመጀመሪያውም በቅያሬ ዋጋ ማስከፈል ይህን ያመጣል። ደካማ ባትሪ የደረሰው ሰው እኩል ከፍሎ አጭር ይሄዳል።

ወደ ኪሎ ዋት አወር ቀየርነው። ባትሪው ሲወጣ ስንት እንደያዘ፣ ሲመለስ ስንት እንደቀረው ከመለኪያው ይነበባል። የተጠቀመውን ብቻ ይከፍላል። በኪሎ ዋት አወር 50 ብር። ሙሉውን የተጠቀመ 140 ብር ገደማ። ለቤንዚን ባጃጅ ተመሳሳይ ርቀት ከሚወጣው ያነሰ ነው፤ ማደያ ላይ የሚጠፋው ሰዓት ሳይቆጠር። ደካማ ባትሪ የደረሰው ቶሎ ይመለሳል እንጂ ገንዘብ አይከስርም። ንትርኩ በዚያው ቆመ። ግማሽ የቀረው ባትሪ ይዞ ለመቀየር መምጣትም ተጀመረ፤ ቀድሞ «እስኪያልቅ» እያሉ ዳገት ላይ ይቀሩ ነበር።

50 ብሩ የት ይሄዳል? ሰው ሁሉ ለመብራት የሚከፈል ይመስለዋል። የመብራቱ ድርሻ ትንሹ ነው። ትልቁ የባትሪው እርጅና ነው። 135 ሺህ ብር የወጣበት ባትሪ 2,000 ጊዜ ቢሞላና ቢራገፍ፣ በእያንዳንዱ ዙር 67 ብር ያረጃል። በኪሎ ዋት አወር 24 ብር ማለት ነው። ይህን ሳያስቀምጥ ዋጋ የሚተምን ሰው መጀመሪያ ያተርፋል፤ ከዓመታት በኋላ ግን እጁ ላይ የሞቱ ሴሎች ብቻ ይቀራሉ። ሊድ አሲዱም እንዲያ ነው ባለቤቶቹን የበላቸው። ሲገዛ ርካሽ ነው፤ በየቀኑ እስከ ጥግ ሲራገፍ ግን ዕድሜ የለውም። የቀረው 26 ብር መብራት፣ ኪራይ፣ የሚቀይረው ልጅ ደመወዝና ጥገና ነው። የፓነሎቹን ወጪ ገና አልመለሰም።

ጳጉሜን እና መስከረም 2018

ጳጉሜን 4 ሕዳሴ ተመረቀ። 5,150 ሜጋ ዋት። ክፍሉ በር ላይ ሆነን በስልክ አየነው፤ ደስታው ልክ አልነበረውም። በማግስቱ አንዱ ሹፌር፣ «እንግዲህ ይሄ ሥራ ሊቀር ነው?» አለኝ። አይቀርም። ግድቡ ኃይል ያመነጫል፤ ያን ኃይል ምሽት 1 ሰዓት ላይ እኛ ሰፈር የሚያደርሰው ያው ትራንስፎርመር ነው። ሌሊት ሞልቶ ቀን የሚያወጣ ባትሪ ግድቡንም ይጠቅመዋል፤ ሰው ሲተኛ የሚመነጨውን ይወስዳል።

የኤሌክትሪክ መኪና ያለው አንድ ጎረቤት መብራት በጠፋ ቀን መጥቶ ነበር። መኪናው 60 ኪሎ ዋት አወር ይይዛል። መደርደሪያችን ላይ ያሉት ሁሉ ቢራገፉ ሩቡን አይሞሉለትም። ለባጃጆቹ ነፍገን እሱን መሙላት አልተቻለም። ሌሊት ላይ ግን ትርፍ የመስመር ሰዓት አለ። ከምሽቱ 5 ሰዓት በኋላ ግቢው ውስጥ አቁሞ በ16 አምፔር ሶኬት ሰክቶ ጠዋት ይወስዳል። ለመኪና የምንሰጠው ይህን ብቻ ነው፣ ለጊዜው።

ተጨማሪ ባትሪ ለመግዛት ብድር አልጠየቅንም። ሹፌርና ባለቤት ተስማምተው፣ ስምንት ሰው ሆነው ኢቁብ ጀመሩ። በሳምንት ሁለት ሁለት ሺህ፣ 16 ሺህ ብር። አንድ ባትሪ ከስምንት ሳምንት በላይ ይጠብቃል። ዕጣው የደረሰው ሰው ባትሪው የእሱ ነው፣ ቁጥሩም በስሙ ይጻፋል። ባትሪው ግን ከሌሎቹ ጋር ይዞራል። በወጣ ቁጥር በኪሎ ዋት አወር 24ቱ ብር ለባለቤቱ ይቀመጥለታል።

አንድ ያልተፈታ ነገር አለ። ባለቤት የሆነ ሰው የራሱ ባትሪ ቶሎ ቶሎ እንዲወጣ ይፈልጋል፤ ገቢ ነውና። ዳገት ለሚሠራ ሹፌር እንዲሰጥበት ግን አይፈልግም። ለአሁኑ ደንቡ እንዲህ ነው። ከሞሉት ውስጥ እስከዛሬ አነስተኛ ዙር የሠራው ይወጣል፣ ማንም አይመርጥም። መዝገቡ በር ላይ ተሰቅሏል፤ ሁሉም ያየዋል። ሴል ፈተናውን ደግሞ ሁለት የኢቁቡ አባላት በተራ አብረውን ቁጭ ብለው ያያሉ።

የሰባተኛው ባትሪ ሴሎች ታዘዋል። ቢኤምኤሱ በዚህኛው ባለ 80 አምፔር ነው፤ ያለው ባለ 60 ጅሬን ላይ ጠርዝ ላይ ነው የሚሠራው። ሳጥኑንም ከላሜራ ወደ አሉሚኒየም እንቀይራለን። ሦስት ኪሎ ይቀንሳል፤ ብየዳ ቤቱ አሉሚኒየም ስለማይበይድ በሪቬት ይያያዛል።